ካቃጠለ ይሠራል

መካኒሳ ውስጥ ፊቷ ላይ ሽፍታ የወጣባት ሴት የቆዳ ሐኪም ዘንድ የምትደርሰው ከሁሉ በኋላ ነው። መጀመሪያ ጎረቤት ታያታለች፤ "ምች ነው፤ ዳማከሴ አሽተሽ ቀቢው" ትላታለች። ቀጥሎ ፀጉር ሠሪዋ ታያታለች፤ "የሞተ ቆዳ ነው፤ መነሳት አለበት" ትላለች። ከዚያ የኮስሞቲክስ ሱቁ ልጅ ከመደርደሪያው ሥር ስም የሌላት ክብ ዕቃ አውጥቶ "ይቺን ማታ ማታ" ይላታል። መድኃኒት ቤት ያለው ወጣት ደግሞ ተናግራ ሳትጨርስ ቲዩብ ያቀብላታል። ዱባይ ያለችው እህቷ በቪዲዮ ደውላ፣ "ወደ መስኮቱ ዙሪልኝ" ብላ፣ አይታ፣ የራሷን ፍርድ ትሰጣለች። ሐኪሙ የሚያየው እንግዲህ ይህ ሁሉ ሰው በየተራ የተረባረበበትን ፊት ነው። "መቼ ጀመረሽ?" ብሎ ሲጠይቃት "የትኛው?" ብትለው አይፈረድባትም።

የሰው ፊት ነገር እንዴት እንደሚበላሽ ለማየት ከፀጉር ቤት ካስክ የተሻለ ቦታ የለም። ቢጎዲን ተጠቅልሎላት ካስክ ውስጥ የገባች ሴት አትሰማም ተብሎ ስለሚታመን ምንም አይደበቃትም። ባለፈው ጥር፣ ሠርግ በሠርግ ላይ በተደራረበበት ሰሞን፣ እኔ ካስክ ውስጥ ሆኜ አንዲት የሠፈራችን ልጅ ገባች። ባንክ የምትሠራ፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የማውቃት፣ ጥርት ያለች ጠይም ልጅ ናት። ነበረች ልበል። ጉንጮቿና የአፍንጫዋ ዙሪያ ጠቁሮም ቀልቶም የማይለይ መልክ ይዟል፤ በላዩ ላይ ብጉር የሚመስሉ ጥቃቅን ነገሮች ተረጭተዋል። እሑድ ሚዜ ናት። ቀኑ ዓርብ ነው። የመጣችው ፊቷን ልትላጥ ነው፤ "ፒሊንግ" ይሉታል።

"ትንሽ ያቃጥልሻል፣ ውዴ" አለቻት ባለሙያዋ፣ ከትንሽ ጠርሙስ ጥጥ እያራሰች።

"ባለፈውም እኮ በጣም አቃጥሎኝ ነበር።"

"ካቃጠለ ይሠራል ማለት ነው!"

አላስችል አለኝ። ካስኩን ከፍ አድርጌ፣ "ስንት ፐርሰንት ነው እሱ?" አልኳት።

"እንዴ እትዬ፣ ኦርጅናል ነው!"

"እሱማ ይሁን። የአሲዱን መጠን ነው የምጠይቅሽ።"

"ከዱባይ ነው የመጣው።"

"ስንት ደቂቃ ነው ፊቷ ላይ የሚቆየው?"

ባለሙያዋ ልጅቷን አየት አደረገቻትና "እንደ ቻይነቷ ነው" አለችኝ።

እንደ ቻይነቷ! ልጅቷ የወንበሩን እጀታ ጨምድዳ፣ ዓይኗን ጨፍና ስትችል፣ አንዷ ረዳት በካርቶን ቁራጭ ፊቷን ታራግብላታለች። ሌሎቹ "አይዞሽ፣ አይዞሽ" ይላሉ። ምጥ ላይ ያለች ሴት እንኳ ይህን ያህል አይዞሽ ባይ አታገኝም።

በባለሙያዋ ብቻ አልፈርድም። እኛ የኮሶ ልጆች ነን። አያቶቻችን በየሁለት ወሩ ኮሶ እየጠጡ ሆዳቸው ሲገለባበጥ ውለው ማታ "ጸዳሁ" የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ያላሰቃየ መድኃኒት እስከዛሬም መድኃኒት አይመስለንም። ሐኪሙ መርፌ ሳይወጋ ከመለሰን "ምንም አላደረገልኝም" እንላለን። ቁስል ላይ አልኮል ፈስሶ ጩኸት ካልተሰማ የታከመ አይመስለንም። ፊት ላይ የሚቀባ ነገር ካላቃጠለማ ገንዘባችን ተበላ!

ወንዶቹ ይኼን ሲሰሙ ይስቁብናል። እነሱ ግን ጎረቤት ያለው ፀጉር ቤት ገብተው፣ በምላጭ አንገታቸውን አስፍቀው፣ ያ የተፋቀ ቆዳ ላይ አልኮል በመዳፍ ሲለጠፍባቸው ከንፈራቸውን ነክሰው፣ ፀጉር አስተካካዩ በፎጣ እያራገበላቸው፣ ሲወጡ ጉርሻ ሰጥተው ነው የሚሄዱት። የሚስቶቻቸው ቅባት ዕቃ ውስጥ ማታ ማታ የሚገባው ጣት የማን እንደሆነም እናውቃለን። ለጊዜው እንለፈው።

ልጅቷ ከሠርጉ በኋላ (እንዴት ሆና ሚዜ እንደሆነች አትጠይቁኝ፤ ፎቶ አንሺው ብዙ ደክሟል) ከብዙ ጉትጎታ በኋላ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሮዜሺያ ነው አላት። ሠፈሩ ይህን ስም ሰምቶ አያውቅም። የሰሙትም ቢሆኑ "እሱ እኮ የፈረንጅ በሽታ ነው" አሉ።

በፈረንጅ ላይ በጉልህ ይታያል፤ እሱ እውነት ነው። ጊርላንዳዮ የተባለው የፍሎረንስ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1490 አካባቢ የሣላቸው ሽማግሌ ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ ዛሬም የልጅ ልጃቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። አፍንጫቸው ጎብጦ፣ አብጦ፣ ተንጓጉሎ ይታያል፤ ሐኪሞች ከባዱን የሮዜሺያ መልክ ያስተምሩበታል። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተንም ይህ ነገር አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ግምት ከዓለም ሕዝብ ከመቶ አምስት ያህሉን ይይዛል ይላል። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ በደንብ ስለማይታይ፣ በሽታው የለም ተብሎ ይታለፋል፤ ወይ ብጉር ነው ይባላል፣ ወይ ማዲያት፣ ወይ አለርጂ። ባለቤቷ ግን ታውቀዋለች። ፊቷ በድንገት ግም ይላል፣ ያቃጥላታል፣ ይወጋጋታል፤ ትናንት የተስማማት ሎሽን ዛሬ እንደ ሚጥሚጣ ይለበልባታል። ዓይኗም ይቆጠቁጣል። አያልፍም እንጂ አይገድልም፤ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ደግሞ ይመጣል። ብጉር አብዛኛውን ጊዜ በጉርምስና ነው የሚጀምረው፤ ይኼ ብዙውን ጊዜ ከሠላሳ ዓመት ወዲያ ነው ዓይኑን የሚገልጠው፤ ልጅቷ ሠላሳን ደፍና ነበር።

በነገራችን ላይ፣ በዚህ በሽታ ከፊታቸው ይልቅ ስማቸው የሚጎዳ ሰዎች አሉ። መካኒሳ ውስጥ የብሔራዊ አልኮልና አረቄ ፋብሪካ እንዳለ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያውቃል። እዚህ ሠፈር ውስጥ አፍንጫው የቀላ ቀይ ሰው መሆን ማለት ያለ ፍርድ ቤት መፈረድ ነው። አንድ የማውቃቸው አባት ጠላ እንኳ ቀምሰው የማያውቁ፣ ሁዳዴን ሳያጎድሉ የሚጾሙ ሰው ናቸው። "እሳቸው እኮ ከፋብሪካው በቧንቧ ነው የተሳበላቸው" ይባላሉ። አልኮል ሮዜሺያን እንደሚቀሰቅስ እውነት ነው፤ ሮዜሺያ ያለበት ሁሉ ግን ጠጪ አይደለም። ይህንን ለሠፈሩ ማስረዳት ከበሽታው ይከብዳል።

ሐኪሙ ለልጅቷ የሚቀሰቅሱትን ነገሮች ዘርዝሮ ሰጥቷታል። ወረቀቱን አሳየችኝ። ፀሐይ። ሙቀት። ትኩስ መጠጥ። የሚያቃጥል ምግብ። አልኮል። ጭንቀት። አንብቤ ስጨርስ ሳቄ መጣ፤ ሰውዬው የዘረዘረው አዲስ አበባን ነው። ፀሐይ ይላል፤ እኛ ከባሕር በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍታ በላይ፣ ለምድር ወገብ ቀርበን ነው የምንኖረው፤ በየ1,000 ሜትሩ ጎጂው ጨረር አሥር በመቶ ያህል እንደሚጨምር የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ግን ፀሐይ ያለ አይመስለንም። የጀሞ ታክሲ ሰልፍ ላይ እኩለ ቀን ያለ ጥላ የቆመችው ልጅ "ብርድ ነው" ብላ ፊቷን ወደ ፀሐይ አዙራ ትሞቃለች። ሙቀት ይላል፤ ምጣድ የጣደች ሴት ክዳኑን በከፈተች ቁጥር እንፋሎቱ የሚያርፈው የት ነው? የሚያቃጥል ምግብ ይላል፤ በርበሬ ከቀረ ምን ሊበላ ነው? ጭንቀትን ተውት፤ የቤት ኪራይ ያለበት ሰው ያውቀዋል።

ቡናን በተመለከተ ግን መልካም ዜና አለ፤ ይህን ለሠፈሩ እኔ ነኝ ያበሰርኩት። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ፣ አሜሪካ ውስጥ ከ82,000 በላይ ሴት ነርሶችን በተከታተለ ጥናት፣ በቀን አራት ኩባያና ከዚያ በላይ ካፌይን ያለው ቡና የሚጠጡት ጭራሽ አይጠጡም ሊባሉ ከሚችሉት ይልቅ ሮዜሺያ የመያዝ ዕድላቸው በ23 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። የእነሱ ኩባያ ከእኛ ሲኒ እንደሚበልጥ አይጠፋኝም፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ለዚህ ነው የተሠሩት። ፊት የሚያግለው ቡናው ሳይሆን ትኩሳቱ መሆኑን ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመ ሙከራ አሳይቷል፤ ትኩስ ውኃ ብቻውንም ያንኑ አድርጓል፣ ቀዝቃዛ ቡና ግን ምንም አላደረገም። እንግዲህ ከረከቦቱ ላይ ሲነሳ ጥቂት ይቀዝቅዝ ነው ነገሩ። ይህን ስናገር "ቀዝቃዛ ቡና ጠጪ አሉን!" ብለው ያኮረፉኝ ሴቶች አሉ።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ያቺ ስም የሌላት ክብ ዕቃ ናት ዋናዋ ነገር።

ሱቁ ውስጥ "ቅልቅል" ትባላለች። ማን እንደቀላቀላት፣ ከምን ከምን እንደተቀላቀለች ክዳኗ ላይ አልተጻፈም። ጥያቄ ሲበዛበት የሱቁ ልጅ "ዕፅዋት ነው" ይላል። ስትቀባ ግን በሳምንት ውስጥ ፊት ይጠራል፣ ይለሰልሳል፣ ይፈካል፤ ሽፍታው ድራሹ ይጠፋል። ዕፅዋት እንዲህ አይሠራም። እንዲህ የሚሠራው ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታዞን የተባለው የስቴሮይድ ቅባት ነው። ለኤክዜማና ለመሳሰለው በሐኪም ትእዛዝ፣ ለጥቂት ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜም ከፊት ሌላ ቦታ የሚቀባ፣ ያለ ጥርጥር ጠቃሚ መድኃኒት ነው። የፊትን የደም ሥር ያጠብባል፣ ቁጣውን ያፍናል፤ ስለዚህ ለጊዜው ሁሉም ነገር ሰላም ይመስላል። ከወራት በኋላ ቆዳው ይሳሳል፤ ቀጫጭን የደም ሥሮች ብቅ ይላሉ፤ ፀሐይ ሲነካው ይለበልባል። "ተበላሸሁ" ብላ ስታቆመው የታፈነው ሁሉ ባንዴ ይፈነዳል። ደንግጣ እንደገና ስትቀባው ይተኛል። "አየሽ፣ ለእኔ የሚስማማኝ ይኼ ብቻ ነው" የምትለው ያኔ ነው። የሱቁ ልጅ ቋሚ ደንበኛ የሚያፈራውም ያኔ ነው።

ይህን ጉዳይ እኛ አልፈጠርነውም። ላይደን፣ ቲውና ክሊግማን የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1974 "የስቴሮይድ ሮዜሺያ" ብለው ስም አውጥተው ጽፈውበታል። የእነሱ ታማሚዎች ሽፍታ ሊያጠፉ ነበር የሚቀቡት። የእኛዎቹ ብዙዎቹ ሽፍታ እንኳ አልነበራቸውም፤ ጠይም መሆናቸው ነበር ሕመማቸው። ቀይ ልሁን ብላ የተነሳች ልጅ ቀልታ ቀረች፤ በጠየቀችው መንገድ ግን አይደለም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ማለት አለብኝ፤ ይህን አንብባችሁ ቅልቅሏን ዛሬ ማታ በመስኮት እንዳትወረውሩ። ለረጅም ጊዜ የተቀባ ሰው ሲያቆም የሚመጣው ግርሻ ከባድ ነው፤ ለሳምንታትም ይቆያል። ሐኪም አጠገብ ሆኖ ነው የሚቆመው።

በቅልቅሏ የሳሳውን ቆዳ ይዛ ነው እንግዲህ ልጅቷ ፀጉር ቤት የመጣችው። የሳሳ ቆዳ ላይ አሲድ!

አሲዱን ራሱን አልሰድበውም። ታሪክ ያለው ነገር ነው። ፓውል ኡና የተባለው የሐምቡርግ የቆዳ ሐኪም ሳሊሲሊክ አሲድና ፌኖል ቆዳ ሲልጡ ምን እንደሚያደርጉ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። ዛሬ በየጠርሙሱ የሚሸጠው ግላይኮሊክ አሲድ ደግሞ ዝምድናው ከሸንኮራ አገዳ ነው፤ ቫን ስኮትና ዩ የተባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ነው በሐኪሞች ዘንድ ያሳወቁት። የእኛ ሠፈር ፋብሪካም አልኮል የሚያወጣው ከስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ ነው፤ መካኒሳ በሸንኮራ በኩል ከውስጥም ከውጭም ተይዛለች ማለት ነው። የቆዳ ሐኪም ሮዜሺያ ላለበት ሰው አንዳንዴ ልጠት ይሠራል። ሲሠራ ግን በሽታው ጋብ ባለበት ጊዜ፣ ለስለስ ያለውን አሲድ መርጦ፣ በመጠን፣ በሰዓት እየቆጠረ፣ አንዱን ከሌላው በሳምንታት አራርቆ ነው። የሚጠነቀቀውም በምክንያት ነው። እንደኛ ያለ ቆዳ ሲቃጠል ጠባሳው ይጠቁራል፤ ጥቁረቱም ለወራት፣ አንዳንዴ ለዓመት አይለቅም። እየነደደ ያለ ፊት ላይ ግን ማንም ሐኪም አሲድ አያፈስም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እንኳ እ.ኤ.አ. በ2024 ሐምሌ ላይ ጠንካራ የልጠት ፈሳሾችን ያለ ባለሙያ ቤት ውስጥ አትጠቀሙ፣ የሚያቃጥሉ ናቸው ሲል አስጠንቅቋል። እዚያ ቢያንስ ጠርሙሱ ላይ ፐርሰንቱ ተጽፏል።

እንዲህ ስል "የሞተ ቆዳ ነው እኮ የሚነሳው" ትለኛለች ባለሙያዋ። የሞተ መሆኑስ እውነት ነው። የቆዳችን የላይኛው ሽፋን የሞቱ ሴሎች ንብርብር ነው፤ ውፍረቱም ከወረቀት ብዙ ይቀጥናል። ግን የጭቃ ቤት ግድግዳም የሞተ ነው፤ በሕይወት የለም ብሎ የሚንደው የለም። እዚህ አሮጌው መካኒሳ ውስጥ ያደገ ሰው ምርግ ያውቃል። ማገሩ እንጨት ነው፣ መሐሉን የሚይዘው ጭቃና ጭድ ነው፤ ምርጉ ሲረግፍ ዝናቡም ነፋሱም ይገባል። ቆዳም እንዲሁ ነው የተሠራው፤ ሴሎቹ ቆመው፣ በመሐላቸው ሴራማይድ፣ ኮሌስትሮልና የስብ አሲዶች ተለስነዋል። (አዎ፣ ሥጋ ስንበላ የምንፈራው ያ ኮሌስትሮል።) ምርጉ ሲነሳ ውኃው ከውስጥ ይተናል፣ ሳሙናውና ሽቶው ከውጭ ይገባል፤ ከሥር ያለው ነርቭ ይጮኻል። ማቃጠል ማለት ይኼው ነው። ሥራ ላይ ያለ መድኃኒት ድምፅ አይደለም።

ምርጉን የምናረግፍበት ነገር ደግሞ ብዙ ነው። ጤነኛ ቆዳ ጥቂት ኮምጣጣ ነው፤ በመለኪያው 5 ገደማ ላይ ይቆማል። ፊታችንን በልብስ ሳሙና እንታጠባለን፤ እሱ 10 አካባቢ ነው። "አደረቀኝ" ብለን ደግሞ ሎሚ እናሽበታለን፤ ሎሚ 2 ነው። ፊታችን በአንድ ጠዋት ከ10 ወደ 2 ይወርዳል፤ እንደዚህ የሚዋዥቅ አስተዳደር ማን ይችላል? ሎሚውን አሽታ ፀሐይ ላይ የወጣች ደግሞ ሎሚው ከጨረሩ ጋር ተባብሮ ያቃጥላታል። ከዚያ በስኳርና በቡና አተላ ትፈገፍጋለች። ከዚያ ስቲም። እንዲህ ከርማ "ቆዳዬ ሴንሲቲቭ ነው" ትላለች።

ሐኪሙ ለልጅቷ ያዘዘላት ምን መሰላችሁ? ከሁሉም በፊት "ሁሉንም አቁሚ" አላት። ለብ ባለ ውኃና ሽታ በሌለው ለስላሳ ማጽጃ ታጠቢ፤ ሽታ የሌለው ወፍራም ቅባት ተቀቢ፣ ከጠፋ ቫዝሊን ይበቃል፤ ፀሐይ መከላከያ ተቀቢ፣ ዚንክ ያለበት ቢሆን ይመረጣል፤ ጥላ ያዢ። ከዚያም ሜትሮኒዳዞል የተባለ ጄል ጻፈላት።

ሠፈሩ ተንጫጫ።

"የአሜባ መድኃኒት ለፊት?" አሉ። ስሙን ሁሉም ያውቀዋል፤ ያልዋጠው የለም። መድኃኒቱ ግን ለፊት በጄልና በክሬም መልክ ሲቀባ ሮዜሺያን የሚያስታግስ፣ ከዐሥርት ዓመታት በፊት የተፈተነ ነገር ነው። እንደውም አይቨርሜክቲን ቢጻፍላት ኖሮ ምን ሊሉ ነበር? ለወንዝ ዳር ዓይነ ሥውርነት በየገጠሩ የሚታደለው ያው መድኃኒት በክሬም መልክ ለሮዜሺያ ይታዘዛል፤ ሁላችንም ፊት ላይ የምትኖር፣ በዓይን የማትታይ ትንሽ ተባይ አለች፤ ሮዜሺያ ባለበት ፊት ላይ ትበዛለች፣ መድኃኒቱም እሷን ይቀንሳል። ይህቺን ለሠፈሩ አልነገርኩም። በልጠት ፈንታ በጋዝ መታጠብ ይጀምሩ ነበር።

ከአሜባው መድኃኒት ይበልጥ ያናደዳቸው ግን ቫዝሊኑ ነው። "ለቫዝሊን ነው የካርድ የተከፈለው?" አለች እናቷ። "እሱማ ለሕፃን ነው!" አለች ፀጉር ሠሪዋ። "ምንም አልሰጠኝም ማለት ነው" አለች ልጅቷ ራሷ፣ ሊያስለቅሳት እየደረሰ። ቫዝሊን እ.ኤ.አ. በ1872 በፓተንት የተመዘገበ፣ የቆዳ ውኃ እንዳይተን በማገድ ተወዳዳሪ ያልተገኘለት፣ በየቤታችን ያለ ቅባት ነው። ጥፋቱ ርካሽ መሆኑና አለማቃጠሉ ነው። "አቁሚ" ደግሞ ከሱም ይብሳል፤ በጭራሽ ዋጋ የለውም። ማንም አይሸጠውም፤ ስለዚህ ማንም አይገዛውም። ሐኪሙ ያንኑ "አቁሚ" የሚለውን ቃል በትንሽ ጠርሙስ ሞልቶ፣ "ከዱባይ የመጣ" ብሎ፣ ውድ ዋጋ ለጥፎ ቢሰጣት ኖሮ ጠዋትና ማታ ሳታዛንፍ ትወስደው ነበር።

የቆዳ ሐኪም ስላጣን ነው እንዳትሉ። ከመካኒሳ ብዙ ሳይርቅ፣ ዘነበወርቅ፣ አለርት ሆስፒታል አለ። እ.ኤ.አ. በ1965 በሥጋ ደዌ ላይ ለመሥራትና ባለሙያ ለማሠልጠን የተቋቋመ፣ ዛሬ በቆዳ ሕክምና አገር የሚያውቀው ቦታ ነው። ይህን ስነግራቸው ግን አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ ጥላ፣ "እንዴ! አለርት ስትገባ ሰው ቢያያትስ?" አለች። ፊቷ ተልጦ፣ አብጦ፣ ቀልቶ መካኒሳ አቦ አስፋልት ላይ ስትሄድ ሰው ያያታል፤ እሱ ምንም አይደለም። ሆስፒታል ስትገባ ነው መታየት የሌለባት። በሥጋ ደዌ ሕሙማን ላይ ለዘመናት ስናደርገው የኖርነው መሸሽ ዛሬ ሽፍታ ላለባት የባንክ ሠራተኛ ተርፏል።

ድሮ እናቶቻችን ጥቁር ጃንጥላ ዘርግተው፣ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ጎትተው፣ ፊታቸውን ቅቤ አስነክተው ነበር ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት። እኛ አራዶቹ ሳቅንባቸው። አሁን ሐኪሙ ለልጅቷ የጻፈላትን ወረቀት ሳነበው የእነሱን አካሄድ ነው ያየሁበት፤ ቅቤው ብቻ ነው የተቀየረው። ጃንጥላ ያዥ ስላት ግን "እማማ ልምሰል?" አለችኝ።

ኮስሞቲክስንም የሚቆጣጠር የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚባል መሥሪያ ቤት አገራችን ውስጥ አለ። ስም የሌላት ክብ ዕቃ ግን መደርደሪያው ላይ ስለማትቀመጥ፣ የምትወጣው ደግሞ ሲጠየቅ ብቻ ስለሆነ፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣ እሷ የለችም። መድኃኒት ቤት ያላችሁ ልጆቼ ግን፣ እናንተ መደርደሪያ ላይ ያለው ቲዩብ ስሙም፣ መጠኑም ተጽፎበታል። ለፊቷ የምትጠይቃችሁ ሴት ስትመጣ "ማዘዣሽስ?" ማለት ምላስ አይቆርጥም። የምትሸጡት ቲዩብ በቁጥር ቢያንስም፣ የሚያመሰግናችሁ ፊት ይበዛል።

ፊታችሁ የሚያቃጥላችሁ አንባቢዎች ደግሞ፣ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ የምትቀቡትንና የምትታጠቡበትን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ሳሙናውንም፣ ሎሽኑንም፣ ፀጉር ቤት የተቀባችሁትን ስሙን ጽፋችሁ፣ እህት ከዱባይ የላከችውንም። ከሁሉም በላይ ያቺን ስም የሌላት ክብ ዕቃ፣ ሳታፍሩ፣ ከሥር ሳትደብቁ፣ ከላይ አድርጓት።